ሲራኩዛ አጠገብ ቪላ ልንከራይ ነው፣ ሰውየው ግማሹን ቀብድ ዛሬ ላኪ አለኝ

ሽሮ በሽቱትጋርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ዛሬ ማታ መወሰን አለብኝ። በኦገስት እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ የባለቤቴ እህት ከነልጆቿ ከስዊድን ትመጣለች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው ነን። ሆቴል ለዘጠኝ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ሲሲሊ ውስጥ፣ ከሲራኩዛ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ፎንታኔ ቢያንኬ የሚባል ባህር ዳር ላይ አራት መኝታ ቤት ያለው ቪላ አገኘን። ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ፣ ደጅ ማብሰያ አለ፣ ለዘጠኝ ሌሊት 2,900 ዩሮ። ድረ ገጽ ላይ ነው ያየሁት። አሁን ባለቤቱ «ከድረ ገጹ ውጪ እናድርገው፣ 2,600 ይሁንልሽ፣ ግማሹን ዛሬ በባንክ ላኪ፣ የሁላችሁንም ፓስፖርት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አለኝ። የባንክ ቁጥሩ የሚጀምረው በኤልቲ (LT) ፊደል ነው። የጣሊያን አይቲ አይደል እንዴ? ባለቤቴ ደግሞ «300 ዩሮ መንገድ ላይ አይገኝም» ይላል።

ሌላው፣ የእማዬ ቪዛ የጀርመን ነው፣ አንድ መግቢያ ብቻ። ጣሊያን ይዣት ብሄድ ስንመለስ ችግር አለው? ከኛ ጋር የሚኖር የባለቤቴ የአክስት ልጅም አለ፣ ገና ገሽታቱንግ ላይ ነው፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ እየጠበቀ። እሱስ?

ኑርንበርግ ቦሌ፦
እንዳትልኪ!! እኔ ስፔን ላይ 800 ዩሮ ተበልቻለሁ። የሚገርመው ቤቱ አለ። በፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ በር ራሱ። ደርሰን አንኳኳን፣ አንዲት አሮጊት በሽርጥ ወጡ፣ በሕይወታቸው ቤት አከራይተው አያውቁም። ልጆቹ መኪና ውስጥ የዋና ልብስ ለብሰው፣ ትንሿ መዋኛ ጎማዋን ወገቧ ላይ አጥልቃ ትጠብቃለች። ያን ሌሊት ያደርነው ነዳጅ ማደያ ነው።

ቦሎኛ 40 ዓመት፦
ልጄ፣ ተረጋጊ። የጣሊያንን ነገር እኔ ልንገርሽ፣ እዚህ አርጅቼበታለሁ።

አንደኛ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ ቺን የሚሉት አገር አቀፍ መለያ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፣ የቤቱ በር ላይም ይለጠፋል። በአይቲ ፊደል ይጀምራል። ጠይቂው። ካንገራገረ ተይው።

ሰውየው ከድረ ገጹ ላውጣሽ ያለው የግድ ሌባ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ድረ ገጹ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ከሆነ 21 በመቶ ግብር ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባል። ከዚያ መሸሹ ነው። እዚህ አገር ያልሸሸ ማን አለ! ግን እሱ ከግብር ሲሸሽ አንቺ ዋስትና አልባ ትቀሪያለሽ። ነገ ቤቱ ባይኖር ለማን አቤት ትያለሽ?

ቀብድ ከሰጠሽ ደግሞ ውሉ ላይ «ካፓራ ኮንፊርማቶሪያ» የሚል ይኑር። አንቺ ከቀረሽ ቀብዱ ይቀራል፣ እሱ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ሕጉ ነው። ኪራዩ ከ30 ቀን በታች ስለሆነ ውሉን ማስመዝገብ አያስፈልግም፣ ግን በጽሑፍ ይሁን። ፓስፖርቱን በሚመለከት፣ አከራይ የእንግዳውን ስም በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት፣ ይህ እውነት ነው። እሱ ግን ስትደርሱ የሚሆን ነው። ዛሬ የዘጠኝ ሰው ፓስፖርት በዋትሳፕ ምን ይሠራለታል?

ሌላም፣ ውሃ ታንከር አለው ወይ በይው። በ2024 በጋ ሲሲሊ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሆነባቸው ከተሞች ነበሩ። እናትሽ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ባልዲ መሙላት አይገርማቸውም፣ ለልጆቹ ነው የማስበው። ኦርቲጂያ የምትባለው የድሮዋ ከተማ ደሴት ናት፣ መኪና ይዛችሁ ዘው እንዳትሉ። ያለ ፈቃድ የገባን መኪና የሚቀርጽ ካሜራ አለ። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ሽቱትጋርት ድረስ ይመጣል። ታሌቴ የሚባለው ማቆሚያ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ሚላኖ ተማሪ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ግን ኤልቲ ሁልጊዜ ሌባ ማለት አይደለም። ሊቱዌኒያ ነው። የአንዳንድ የስልክ ባንኮች ፈቃድ እዚያ ስለሆነ የኔም ሒሳብ በኤልቲ ነው የሚጀምረው፣ ሌባ ነኝ እንዴ? ከኦክቶበር 2025 ወዲህ በዩሮ አገሮች ከመላክሽ በፊት ባንክሽ የተቀባዩ ስምና ቁጥር ይገጥም እንደሆነ ያሳይሻል። የሰውየውን ሙሉ ስም አስገቢና እዪ። አይገጥምም ካለ ጣጥዪው።

ኑርንበርግ ቦሌ፦
የኔም ሌባ ስም ይገጥም ነበር እኮ። ሌባም በስሙ ሒሳብ ይከፍታል።

ቦሎኛ 40 ዓመት፦
እሱስ ልክ ነህ።

ፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ፦
የቪዛውን ልመልስ። ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ ከጀርመን ጣሊያን መሄድ አንድ መግቢያውን አይበላም። ዋናው መድረሻቸው ጀርመን ነው፣ ብዙውን ቀን የሚቀመጡት አንቺ ጋ ነው፣ ችግር የለውም። የቪዛቸው ቀን ግን አይለፍ። ወጥመዱ ያለው በረራው ላይ ነው። ርካሽ ነው ብለሽ በለንደን ወይ በኢስታንቡል የሚያቋርጥ ቲኬት እንዳትቆርጪ! ከሸንገን ወጡ ማለት ነው፣ መመለሻ የላቸውም። በዙሪክ ወይ በቪየና ቢሆን ግድ የለም። ፓስፖርታቸውንና የኢንሹራንስ ወረቀታቸውን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አይከተት።

ልጁ ግን በገሽታቱንግ ከጀርመን መውጣት አይችልም። በቃ። የስደተኛ ሰማያዊ ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሌላ ነው፣ እሱ እስከ 90 ቀን ይሄዳል። ገሽታቱንግ ግን ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ወረቀት ነው፣ ለአንድ ሳምንት ባህር ብሎ ሁሉንም እንዳያጣ።

ሙኒክ ላሊበላ፦
ኦገስት ስንት ቀን ነው የምትሄዱት? ከኦገስት 7 እስከ 22 ፍልሰታ መሆኑን ረስተሽዋል መሰለኝ። እናትሽ ባህር ዳር ተቀምጠው ምን ሊበሉ ነው?

ሽሮ በሽቱትጋርት፦
ከ9 እስከ 18 🙈 የልጆቹ ትምህርት ቤት አይመችም ሌላ ጊዜ። እማዬማ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችኝ «በክረምት ደግሞ ምን ባህር አለ፣ ብርድ ሊያስመታሽ» ነው። እዚህ በጋ ነው ብላት አታምነኝም።

ቦሎኛ 40 ዓመት፦
ለጾም ሲሲሊን የመሰለ የለም! ማኮ የሚሉት የባቄላ ክክ ሾርባ አላቸው፣ ወፈር ሲል ከኛ ሽሮ ብዙም አይርቅ። ካፖናታ አለ፣ ባድሪጃን በቲማቲምና በኮምጣጤ። ፓኔሌ አለ፣ የሽምብራ ዱቄት ጥብስ። የነሱ ማርያም ኦገስት 15 ናት፣ ያን ቀን አገሩ በሙሉ ባህር ዳር ይወጣል፣ ገበያችሁን በ13 ግዙ።

እናትሽን ኦርቲጂያ ካቴድራል ውሰጃቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ለአቴና የተሠራ ቤተ ጣዖት ነበር፣ ግዙፎቹ ዓምዶች እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ቆመዋል፣ በእጅ ይነካሉ። ከዚያ ወደ ባህሩ ስትወርጂ አሬቱዛ የሚባል ምንጭ አለ፣ መሐሉ ላይ የበቀለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ደንገል! የጣናው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከአጥሩ ላይ ሰዎች እስኪገፉኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ።

ሙኒክ ላሊበላ፦
ጋሼ የባሕር ዳር ልጅ መሆንዎን አላውቅም ነበር! እኔም የዚያው ነኝ። ግን ዓሣ እንዳይበሉ ይንገሩልኝ፣ ይኼ «ዓሣ ጾም ነው» የሚለውን ነገር...

ኑርንበርግ ቦሌ፦
ጀመራችሁ።

አውጉስታ 14፦
ከሲራኩዛ ትንሽ ወደ ሰሜን አውጉስታ የሚባል ወደብ አለ። እኔ በ2014 ከሊቢያ የወረድኩት እዚያ ነው። 16 ዓመቴ ነበር። አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተኙን። የተሰጠኝ ነጠላ ጫማ ሁለቱም የግራ ነበር። ለሦስት ሳምንት ሁለት ግራ ጫማ አድርጌ ነው የተራመድኩት። አንዲት ሴትዮ እሁድ እሁድ እየመጣች የማትሰለች፣ በመኪናዋ ሲራኩዛ ወስዳን ግራኒታ ገዛችልን፣ በረዶ ነው፣ የአልመንድ ለውዝ፣ ከዳቦ ጋር ይበላል። ጥርሴን እስኪያመኝ በላሁ።

ባህሩን እስካሁን አልገባበትም። ባለቤቴና ልጄ ይዋኛሉ፣ እኔ ከመኪናው አልወርድም። እናንተ ግን ሂዱ። ልጆቹን የጠዋቱን ግራኒታ አብያቸው።

ሽሮ በሽቱትጋርት፦
ወንድሜ ምን እንደምልህ አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈሃል።

ቢሾፍቱ ሐይቅ፦
ይቅርታ ግን አንድ ሰው መናገር አለበት። 2,900 ዩሮ ለዘጠኝ ቀን? በብር አስበሽዋል? አገር ቤት ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ እያወቅን፣ እዚህ የሎሚ ዛፍ ያለው ቪላ፣ የለውዝ በረዶ። የኔ እናት ጣሪያ ከሰኔ ጀምሮ እያፈሰሰ ነው፣ ለቆርቆሮ እየላክሁ እኔ እረፍት ብዬ አላውቅም።

ሽሮ በሽቱትጋርት፦
ወንድሜ፣ እቁቤን ነው። 13 ሴቶች ነን፣ በወር 200 ዩሮ፣ ዘንድሮ ደረሰኝ። የሌሊት ፈረቃ አዛውንት መጦሪያ ነው የምሠራው፣ ሰባት ዓመት የትም ሄጄ አላውቅም። ለቤተሰብም በየወሩ እልካለሁ፣ ደረሰኝ ላሳይህ አልገደድም። እናቴን ባህር ላሳይ ማለት ወንጀል ሆነ?

ቢሾፍቱ ሐይቅ፦
ወንጀል አላልኩም። ባለፈው ለዚያች ለታመመችው ልጅ መዋጮ ስንሰበስብ ግን 20 ዩሮ ነው ያዋጣሽው። ዝርዝሩ እኔ ጋ ነው።

ኑርንበርግ ቦሌ፦
ኧረ በማርያም! የመዋጮ ዝርዝር እዚህ ይወጣል?

ሙኒክ ላሊበላ፦
ሲጀመር እኛ ስንልክ የሚያዩት ገንዘቡን እንጂ ፈረቃውን አይደለም። የኔ ወንድም ባለፈው «አንቺማ ጀርመን ነሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሂዱ ተይዋቸው።

ቢሾፍቱ ሐይቅ፦
ቤተሰብ ካለ የአቅም ማነስ የለም፣ የመፈለግ ማነስ ነው ያለው።

ሚላኖ ተማሪ፦
ይህን አባባል ከየት አመጣኸው 😂

ቦሎኛ 40 ዓመት፦
ልጆች፣ ተዉ። እሷ የጠየቀችው የኪራይ ነገር ነው። ልጄ፣ የቤቱን ቁጥር ጠየቅሽው?

ሽሮ በሽቱትጋርት፦
ጠየቅኩት ጋሼ። ቁጥር ላከልኝ፣ በአይቲ ይጀምራል። ባንኩ ላይ ስሙን ሳስገባ ግን «በከፊል ይገጥማል» አለኝ፣ የመጨረሻው ስም ላይ ነው ልዩነቱ። የሚስቱ ሒሳብ ነው ይላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ባለቤቴ አሁንም 300 ዩሮ እያለ ነው። እኔ ግን በድረ ገጹ በኩል 2,900ውን ልከፍል ነው፣ እንቅልፍ ይሻለኛል። ፓስፖርቱን ስንደርስ ያያል። ልጁን ደግሞ ነገርኩት፣ «አበባውን እኔ አጠጣለሁ» አለ፣ ፊቱን ግን አዞረ። ጠበቃው ጋ ሰኞ ይደውላል፣ እዚህ የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ቢሾፍቱ ሐይቅ፦
ስለ 20 ዩሮው አልመለስሽልኝም።