«ተፈጥሮአዊ ነው» ያለው ኮሚሽነር፦ ዘረኛ ነው ወይስ የሆነውን ነው የተናገረው?

ክርክሩን የከፈተው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው አንዱ አንድን ባለሥልጣን «ዘረኛ» ሲል ሌላው ተቆጥቶ ወጣ፤ ነገሩም ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛሬ አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዘን በወጉ እንከራከር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኦገስት 2016 መጨረሻ ላይ የእስራኤል ፖሊስ አዛዥ ሮኒ አልሼይኽ በጠበቆች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። ፖሊስ በቤተ እስራኤል ወጣቶች ላይ ስለሚያደርሰው በደል ተጠየቀ። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ከሌላ አገር የገቡ ሰዎችና ወጣቶች ከሌላው ይልቅ በወንጀል እንደሚገኙ ያሳያሉ። ስለዚህ ፖሊስ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመው ይበልጥ ቢጠረጥር ተፈጥሮአዊ ነው። ችግሩ መኖሩን እናውቃለን፣ ማስተካከልም ጀምረናል አለ። ወዲያው «ይውረድ» የሚል ጩኸት ተነሣ። አልወረደም። እስከ 2018 መጨረሻ ቆየ፤ የሄደውም በዚህ ንግግር ምክንያት አይደለም።

ጥያቄው፦ ዘረኛ መባል ይገባው ነበር ወይ? ስድብ ይሰረዛል።

የአምቦበር ልጅ፦
ይገባዋል። አራት ነጥብ። ተራ ፖሊስ ቢሆን «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብለን እናልፈው ነበር። ይሄ ግን አዛዥ ነው። አለቃው «ተፈጥሮ ነው» ካለ፣ ማታ ተረኛ የሆነው ፖሊስ ፈቃድ እንደተሰጠው ነው የሚቆጥረው።

አራት ኪሎ፦
እኔ አልስማማም። እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ የማየው ስለሆነ ይሆናል። እኛ ዘንድ የተሾመውም ዘረኛ ነው፣ የወረደውም ዘረኛ ነው፣ መታወቂያ ያዘገየብህ የወረዳ ሠራተኛም ዘረኛ ነው። ከመብዛቱ የተነሣ ማንንም አያስደነግጥም። በ2020 የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ 1185 ወጣ። ስድቡ ቀነሰ? እኔ አላየሁም። ሰውየው ቢያንስ በፖሊሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን አውጥቶ ተናገረ። «እኔ ጋ ችግር የለም» የሚል አዛዥ ይሻላችኋል? እውነት የሚናገረውን ካባረራችሁ ቀጣዩ ዝም ማለትን ይማራል።

የአምቦበር ልጅ፦
የቱ ነው እውነቱ? ልጆቹ እኮ አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ከየት ነው የገቡት? በ1990ዎቹ ደግሞ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ገብቷል። ጥናቱ ከሌላ አገር ስለገቡ ሰዎች ከሆነ እነሱም ገቢዎች ናቸው። ፖሊስ መንገድ ላይ በመልክ ለይቶ የሚያስቆመው ማንን ነው? «ገቢ» ሲል የቆዳ ቀለም ማለቱ ነው። ድፍረት አጥቶ ነው እንጂ።

የነታንያ እናት፦
እናንተ በርቱ፤ እኔ ክርክር አልችልበትም። ልጄ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቷል። ደረሰኙን በላስቲክ አሽጌ ቦርሳው ውስጥ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። እስካሁን ማንም አልጠየቀውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቴ ሩሲያዊት ናት። ልጇ ያንኑ ዓይነት ብስክሌት ይነዳል። ደረሰኙ የት እንደገባ አታውቅም።

አራት ኪሎ፦
እትዬ፣ ይሄ ያማል። ሌላ ምን ይባላል። ግን ለእርስዎ ልጅ የሚጠቅመው የቱ ነው? ሰውየው ዘረኛ ተብሎ መውረዱ ወይስ ፖሊሱ መታወቂያ መቼ መጠየቅ እንደሚችል መወሰኑ?

ሃይፋ ወደብ፦
ወንድሜ አራት ኪሎ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱን ለምን ታጣላቸዋለህ? እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ1996 የወጣውን የደም ጉዳይ አስታውሱ። የደም ባንኩ፣ ማጌን ዳቪድ አዶም ማለቴ ነው፣ ከእኛ ሰው ደም ይቀበላል። ያመሰግናል። ከዚያ በድብቅ ይደፋዋል። ለምን ሲባል የኤች አይ ቪ ሥጋት ነው ተባለ። እሺ፣ ታዲያ ለምን በግልጽ አልተነገራቸውም? እንዳይሸማቀቁ ብለን ነው አሉ። እዩት እንግዲህ፤ አዝነውልን ነው! ጃንዋሪ 28 ቀን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ በር ላይ ወጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመሩት ኮሚሽን ተቋቋመ።

እዚያ ጉዳይ ውስጥ «እኔ ዘረኛ ነኝ» የሚል ሰው ብትፈልጉ አንድም አታገኙም። ሁሉም ሐኪም ነው፣ ሁሉም መመሪያ ጠባቂ ነው። መመሪያው ራሱ ግን ስንት ዓመት ኖረ መሰላችሁ? በ2013 የክኔሴት፣ የፓርላማው ማለቴ ነው፣ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ብትል መመሪያው አይፈቅድም አሏት። በሦስት ዓመቷ የመጣች ሴት ናት። ሕግ ማውጣት ትችል ነበር፣ ደም መስጠት ግን አትችልም ነበር። ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም አወገዙ። የሚያወግዝ መች ጠፍቶ!

ስለዚህ የአልሼይኽ ልብ ውስጥ ምን እንዳለ መርምሬ ልጨርሰው አልችልም፣ አያገባኝምም። የእኔ ክስ ሌላ ነው። ያን ከመናገሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመራችው ቡድን ሪፖርቱን አቅርቧል። ዘረኝነቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እንዳለ መንግሥት በገዛ ወረቀቱ ጽፏል። አዛዡ ይህን ያውቃል። እያወቀ «ተፈጥሮ ነው» አለ። ተፈጥሮ ከሆነማ ማን ይጠየቅበታል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እትዬ ሃይፋ ልክ ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር። ያ «ጥናት» የሚባለው ነገር ራሱን በራሱ ይመግባል። ብዙ የሚያስቆሙት ሰው ብዙ ይያዛል፤ ብዙ ስለተያዘ ደግሞ ብዙ ያስቆሙታል። ኒው ዮርክ ላይ ተሞክሯል። ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ ፖሊስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው አስቁሟል። ካስቆማቸው ሰዎች ከ80 በመቶ በላይ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው። ከአሥሩ ዘጠኝ ለሚሆነው ጊዜ እስርም ክስም አልተገኘም። በ2013 ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን አሠራሩ ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብላ ፈረደች። ከንቲባውን ዘረኛ ብላ መፈረጅ አላስፈለጋትም። ባለሥልጣናቱ ማስረጃውን እያዩ እንዳላዩ አልፈዋል አለች፤ በቃ። እስቲ ለዚህ መልስ ስጥ አራት ኪሎ።

አራት ኪሎ፦
ምን ልመልስ? እኔ የምለውን እኮ ነው የደገምክልኝ። ሰውየውን ትታችሁ አሠራሩን ያዙ።

የአምቦበር ልጅ፦
አይ አይ! በዚህ አታመልጥም። አሠራር ራሱን አይፈርምም። የፈረመ ሰው አለ። ለምንድነው ሁልጊዜ ጥፋቱ የተቋም፣ ሹመቱ የሰው የሚሆነው?

(ይቺን ወደድኳት። ክርክሩን የከፈተው ነኝ፤ ይቅርታ፣ አላቋርጥም።)

ሃይፋ ወደብ፦
የአምቦበር ልጅ፣ አንተ ንዴትህ ልክ ነው። ግን ልጄ፣ ንዴት ብቻውን ምን እንዳመጣልን እየው። በ2015 ሆሎን ላይ ዩኒፎርም የለበሰ የእኛው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ። ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ሞላ። በ2019 እዚሁ ሃይፋ ቂርያት ሃይም ሰፈር ላይ አንድ ልጃችን ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ተገደለ፤ መንገዶች ተዘጉ፣ መኪና ተቃጠለ። ፖሊሱ የተከሰሰው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ነው። የዚያን ሰሞን ስንቱ ሚኒስትር «ዘረኛ» ተባለ! ማንን አስደነገጠ?

ለእኔ ለውጥ ያየሁበት ሌላ ቦታ ነው። «ጠበቃ» የተባለው የእኛው ማኅበርና ሌሎች የመብት ድርጅቶች ተባብረው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጃንዋሪ 2021 ላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው መታወቂያ አምጣ ማለት አይችልም አለ። መመሪያውን አስተካክሉ ብሎም ቀነ ገደብ ሰጠ። ይኸው ለአልሼይኽ የተሰጠው መልስ። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ቢዘገይም።

የነታንያ እናት፦
እንዲህ ዓይነት ውሳኔ መኖሩን ዛሬ ነው የሰማሁት። ታዲያ ልጄ ቢያስቆሙት «ለምን ጠረጠርከኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው?

ሃይፋ ወደብ፦
ይችላል እንጂ። በጨዋ ደንብ ይጠይቅ። የፖሊሱን ስም ደረቱ ላይ ያንብብ፣ ሰዓቱን ይያዝ። ከከፋ የፖሊስን ጥፋት ለሚመረምረው ክፍል፣ ለማሐሽ ያመልክት።

የአምቦበር ልጅ፦
ማሐሽ! የሆሎኑን ዓለም በቪዲዮ እያየው፣ ያ ፖሊስ ከሥራ ቢሰናበትም የወንጀል ክሱ በወር ተኩል ገደማ ተዘግቷል። በካሜራ የተያዘው እንዲህ ከሆነ፣ ካሜራ የሌለበት ልጅ ምን ይዞ ነው ማሐሽ የሚሄደው? እትዬ ሃይፋ፣ ይህን ንገሩኝና እኔም «ዘረኛ» ማለቴን እተዋለሁ።