ስድስት የጃፓን ከተማ በ10 ቀን ይቻላል? ባለቤቴን ልወስደው ነው

የጦሳዋ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። የሀረጎን ቁልቁለት ጠዋት ወርዶ ማታ ሲወጣ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። ዕድሜውን ሙሉ እጁ ላይ ያለው የጃፓን ዕቃ ነው። ከድሮው ዲኤክስ እስከ አባዱላ ድረስ አንዲት ብሎን አይቶ የየትኛው መኪና እንደሆነች ይነግራችኋል። አምና ሱቁ ቁጭ ብዬ፣ ካርቶን ላይ ያለውን የጃፓን ጽሑፍ በጣቱ እየዳበሰ "እንጀራዬን የሰጠኝን አገር አንድ ቀን ባየው" አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በድብቅ እያጠራቀምኩ ነው። እቁብም ወጥቶልኛል፣ አልሐምዱሊላህ።

ለዑምራ ከመሄድ ውጭ ሁለታችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። ያሰብኩት በመጪው ህዳር 10 ቀን ነው። ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ፣ ፉኩኦካ፣ መጨረሻ ላይ በረዶ እንዲያይ ሳፖሮ። ሁሉም ጋ በፈጣኑ ባቡር ይደረሳል ሲሉ ሰምቼ የቱሪስቱን የባቡር ፓስ ልገዛ ነው። ይሄ ነገር ይሆናል? ምግቡስ? ሐላል ካልሆነ አንነካም። ቪዛውስ ከየት ይጀመራል? ለእሱ ደግሞ ቲኬቱን ቆርጬ በድንገት ነው ልነግረው የፈለግኩት።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሁለቴ አነበብኩት። እንዳንቺ ዓይነቱን ያብዛልን።

እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጃፓን መጀመሪያ የሄድኩት ለካይዘን ሥልጠና ነው። ከዚያ በኋላ በራሴ ወጪ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ያኔ እኔም እንዳንቺው ብዙ ከተማ ደርድሬ ነበር፤ ከጉዞው የማስታውሰው ግን የባቡር ጣቢያ ደረጃ ነው።

ስድስት ከተማ በ10 ቀን መርገጥ ይቻላል፣ ማየት ግን አይቻልም። ሆቴል መልቀቅ፣ ሻንጣ መጎተት፣ ጣቢያ መፈለግ፣ አዲስ ሆቴል እስኪከፈት መጠበቅ፤ አንድ ዝውውር ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ሳፖሮን ሰርዢው። ፈጣኑ ባቡር እዚያ አይደርስም፣ ሐኮዳቴ አጠገብ ያወርድሽና ሌላ ባቡር ትይዣለሽ። በህዳርም ከተማው ውስጥ የሚያጠግብ በረዶ ላይኖር ይችላል። ፉኩኦካም ሩቅ ነው፣ ይቅር።

ሁለት ቦታ ብቻ ተኙ፣ ቶኪዮና ኦሳካ። ኪዮቶን ከኦሳካ እየተመላለሳችሁ እዩት። በተራው ባቡር ግማሽ ሰዓት ነው፣ ዋጋውም 600 የን ገደማ። ህዳር ላይ የኪዮቶ ዛፎች ቅጠል ስለሚቀላ የዓለም ሰው እዚያ ይጎርፋል፣ አልጋውም ይወደዳል። ኪዮቶ ከሺህ ዓመት በላይ ዋና ከተማ የነበረ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡት። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው፣ ተራራው ላይ በቀይ በሮች ውስጥ እያለፉ የሚወጡበት ቦታ፣ በማለዳ ነው የሚኬደው። ረፋዱ ላይ ሰው ከሰው ይጋፋል። ሂሮሺማ ከኦሳካ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። የኛው አየር መንገድ በሴኡል በኩል የቶኪዮው አውሮፕላን ማረፊያ ናሪታ ነው የሚያወርዳችሁ፣ መመለሻችሁም ከዚያው ስለሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት ቶኪዮ እደሩ።

ፓሱን ቸኩለሽ አትግዢ። ድሮ የ7 ቀኑ 29,650 የን ነበር፣ ያኔ ያዋጣል። በ2016 መስከረም ወደ 50,000 ዘለለ። ከቶኪዮ ኦሳካ ደርሶ መልስ ቲኬት በተናጠል ብትገዢ 29,000 አካባቢ ነው። ሂሮሺማን ብትጨምሪበት እንኳ እኩል ለእኩል ቢወጣ ነው። በፓሱ ደግሞ በጣም ፈጣኑን፣ ኖዞሚ የሚባለውን፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አትሳፈሪም።

ባቡሩን ስትሳፈሪ ከመስኮቱ ጎን ለባልሽ ስጪው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ የምንሄደው ሰዎች፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በ2 ሰዓት ተኩል ስንደርስ ሆድ ይብሳል። ያ መስመር ሥራ የጀመረው በ1957 መስከረም ነው። በቀጣዩ ወር፣ በጥቅምት፣ አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም የተሠራው በአሮጌው ቦታ ላይ ነው፤ በር ላይ ቆማችሁ ፎቶ ተነሡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባልሽ የመለዋወጫ ሰው ሆኖ ናጎያን እንዴት ተውሽው? ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ ባቡሩም ይቆምበታል። እዚያ የቶዮታ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ቤቱ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረ ቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። ብዙ ሰው አያውቅም፣ ቶዮታ የተነሣው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር። በፈረንጆች 1924 ያወጣው ማሽን ሳይቆም መወርወሪያውን ራሱ ይቀይራል፣ ክር ሲበጠስ ደግሞ ራሱ ይቆማል። ልጁ ኪኢቺሮ ነው ወደ መኪና የገባው፤ የመኪና ኩባንያው በፈረንጆች 1937 ተቋቋመ።

እነዚያን ማሽኖች በመስታወት ውስጥ አይደለም የምታዩአቸው። ሠራተኛው ያስነሳቸዋል፣ ይሸምናሉ። እኔ ዕድሜዬን የተበጠሰ ክር ሳሳድድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ክሩ ሲበጠስ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሥልጠና ላይ "ችግር ሲፈጠር ሥራውን አቁም፣ ምክንያቱን ፈልግ" እያሉ የነገሩን ሁሉ መነሻው እሱ ነበር። ቀጥሎ ያለው አዳራሽ መኪና ነው። ሞተሩ ተከፍቶ፣ ማርሹ ተከፍቶ፣ የመገጣጠሚያ መስመሩ ቆሞ ይታያል። ባልሽ እዚያ ከገባ ቶሎ አይወጣም፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን መድቢ። ሰኞ ዝግ ነው።

ሙጋድ (ደሴ)

ጋሼ የጻፉት ላይ የቪዛውን ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

እህቴ፣ በድንገት የሚለውን እርሺው። ቅጹ ላይ እሱ ራሱ ይፈርማል። ፓስፖርቱ፣ ፎቶው፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የባንክ እንቅስቃሴው ሁሉ ያስፈልጋል። አንቺም ከትምህርት ቤት የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ። ማመልከቻው አዲስ አበባ ጃፓን ኤምባሲ ነው የሚገባው። ደግሞ የቀን በቀን ዕቅድ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ቀን እዚህ ከተማ፣ እዚህ ሆቴል እያልሽ የምትሞይው። ቲኬቱን ቪዛው ሳይመታ እንዳትከፍዪ፣ ቦታ የተያዘበት ወረቀት ብቻ ነው የሚቀርበው።

እኔ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ላለኝ ሰው ከፍዬ ሁሉንም እሱ ሞላልኝ። ሆቴሉ ኦሳካ፣ ዕቅዱ ላይ ያለው ከተማ ሌላ። ሳላነበው ፈረምኩ። ተከለከልኩ፣ ምክንያቱንም አይነግሩህም። ከዚያ በዚያው ጉዳይ ለ6 ወር እንደገና ማመልከት አይቻልም። የወንድሜ ምርቃት አለፈኝ። ስለዚህ ራሳችሁ ሙሉት፣ እያንዳንዱ ቀን ከሆቴሉና ከበረራው ጋር መግጠሙን ሁለታችሁም አንብቡት። እቁቡንም ባንክ አስገቢው፣ ግን በመጨረሻው ሳምንት ድንገት የገባ ብር ከየት መጣ ስለሚያሰኝ የእቁቡን ማስረጃ ያዢ።

በጣም አትቸኩሉም። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው 3 ወር ነው። ለህዳር ጉዞ መስከረም ላይ ብታስገቡ ይመቻል። ዶላሩን ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርትና ቲኬት ሳያዩ አይሸጡላችሁም።

ከደሴ ኦሳካ

ደሴ ተወልጄ ያደግኩት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ አሁን ኦሳካ እማራለሁ። ይህን ሳነብ አገሬ ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ምግቡ፣ እሱ ነው የሚያስጨንቀው። አብሽሩ፣ አትራቡም። ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አሳማው በግልጽ ብቻ አይመጣም፤ ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ መረቁ ብዙ ጊዜ የሚፈላው ከአሳማ አጥንት ነው። ሚሪን የሚባል አልኮል ያለበት ጣፋጭ ነገር ደግሞ አሳና አትክልት ላይ ሳይቀር ይጨመራል። "አሳማ አለው?" ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ አልኮልና ሚሪንንም ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ በጃፓንኛ ጽፋችሁ አሳዩአቸው፣ በትዕግሥት ያነባሉ። ቶኪዮም ኦሳካም ኪዮቶም ሐላል ብለው የሚጽፉ ቤቶች አሉ፣ የሐላል ራመንም አለ። ጾም ላይ ያለ ክርስቲያን ጓደኛዬ ከእኔ ይብሳል የሚቸገረው፤ አትክልት ብሎ ያዘዘው ሾርባ ራሱ ዳሺ በሚሉት የአሳ ውኃ ነው የሚሠራው።

ለሶላት ቶኪዮ ላይ ዮዮጊ ኡኤሐራ ጣቢያ አጠገብ ቶኪዮ ጃሚ የሚባል መስጊድ አለ፣ ቱርኮች የሠሩት። ጁምዓን እዚያ ስገዱ፣ ውስጡ በጣም ያምራል። ከኦሳካ ደግሞ ኮቤ ቅርብ ነው። የኮቤ መስጊድ በፈረንጆች 1935 የተከፈተ ነው፣ የጃፓን የመጀመሪያው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቦምብም፣ የፈረንጆች 1995ቱንም የመሬት መንቀጥቀጥ አልፎ ቆሟል። ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥም የመስገጃ ክፍል አለ።

ስለ ሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ባለቤትሽ በሀበሻ ሰዓት የሞላው የእጅ ሰዓት ካለው አይንካው! ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ መርፌው ልክ የጃፓንን ሰዓት ያሳያል። ደሴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ በፈረንጁ አቆጣጠር ከእኩለ ቀን በኋላ 1 ሰዓት ነው። እናቴ ጋ ስደውል ሒሳብ የለብኝም።

ፀሐይዋ ግን ታታልላለች። በህዳር ቶኪዮ ላይ በእኛ አነጋገር 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትጠልቃለች። ቤተ መቅደሶቹም ብዙዎቹ በዚያው ሰዓት አካባቢ ይዘጋሉ። ኪዮቶ ላይ እስከ ረፋድ ከተኛችሁ ቀኑ አለቀ። ብርዱ ለደሴ ሰው አዲስ አይደለም፣ ባለቤትሽ ግን ቀኑን ኮምቦልቻ ስለሚውል ጃኬት ይያዝ።

ሌላው ቀላል ነው። ሱዊካ የሚባል ካርድ ገንዘብ ሞልታችሁ ባቡሩ በር ላይ ማስነካት ብቻ ነው። መብራቱ 100 ቮልት፣ ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ስለሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 የሚል ጽሑፍ እዩና ማስተካከያ ግዙ። ጉርሻ አይሰጥም፣ አስተናጋጁ ሮጦ ይመልስላችኋል። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ቆሻሻ መጣያ መንገድ ላይ ስለማይገኝ ፌስታል በቦርሳችሁ ያዙ።

የጦሳዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የእርስዎን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት።

አዎ፣ ነገርኩት። ትናንት ማታ ከሱቅ ሲመጣ ቡና አፍልቼ ነገርኩት። ሙጋድ ልክ ነህ፣ ያለ እሱ ፊርማ የትም አልደርስም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የሽመናውን ማሽን ታሪክ ሳነብለት "መጀመሪያ ሸማኔ ነበሩ?" አለኝ። እናቱ ፈታይ ነበረች፤ ጥጥ ስትፈትል እግሯ ሥር ነው ያደገው። ክሩ ሲበጠስ ራሱ ይቆማል የሚለውን ሁለቴ አስነበበኝ።

አሁን ዕቅዱ እንዲህ ሆኗል። ቶኪዮ 3 ሌሊት፣ በመንገዳችን ናጎያ ላይ ወርደን ሙዚየሙን አይተን ማታ ኦሳካ፣ እዚያ 5 ሌሊት ኪዮቶንና ሂሮሺማን ጨምረን፣ ተመልሰን ቶኪዮ 1 ሌሊት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ናጎያ ስንወርድ ሻንጣውን የት እናደርገዋለን? አማቴ ደግሞ ከአሁኑ ቋንጣ ልታደርቅልን ነው፣ ይዘን መግባት ይቻላል?

ከደሴ ኦሳካ

ቋንጣ አይቻልም! ስጋ ነክ ነገር፣ የደረቀም ቢሆን፣ ይወስዱባችኋል፤ ደብቆ መገኘት ደግሞ ያስቀጣል። እናቴ የላከችልኝን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ጥዬ አልቅሻለሁ። ድርቆሽ ያድርጉላችሁ። ጫትም እንዳይታሰብ።

ለሻንጣው ናጎያ ጣቢያ ውስጥ በሳንቲም የሚቆለፍ ሳጥን አለ፣ ትልልቁ ግን ቶሎ ይያዛል። የተሻለው ከቶኪዮ ሆቴላችሁ ወደ ኦሳካ ሆቴላችሁ መላክ ነው። ታክዩቢን ይሉታል። ዛሬ ሰጥታችሁት አብዛኛውን ጊዜ ነገ ይደርሳል፣ እናንተ አንድ ቦርሳ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ባቡሩ ላይ ራሳችሁ የምትይዙት ከሆነ ደግሞ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ሲደመር ከ160 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ቀድሞ ቦታ ይያዝለታል።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)

ህዳር 14 አካባቢ የእነሱ የሠራተኛ ምስጋና በዓል ስለሆነ በዚያ ቀን ኪዮቶ አትሂዱ፣ መተላለፊያ የለም። ያን ቀን ለኮቤ አድርጉት። ባልሽንም ሱቁ የት እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ የኔም መኪና ያው ዲኤክስ ናት፣ ከመሄዳችሁ በፊት መጥቼ የዚያን ሙዚየም ፎቶዎች አሳየዋለሁ።