ስለ ቼክ ስሞች ትርጉም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቼክ ታሪክ ሳነብ ሚሮስላቭ፣ ያሮስላቭ፣ ስታኒስላቭ የሚሉ ስሞች ይደጋገሙብኛል። መጨረሻቸው ትርጉም አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። «ስላቭ» ክብር ወይም ዝና ማለት ሲሆን፣ ከፊቱ ሌላ ቃል እየተጣመረ ስም ይወጣበታል፤ ሚሮስላቭ ሰላምንና ክብርን አጣምሮ የያዘ ነው። ቫትስላቭም ቬትሴስላቭ ከሚለው ጥንታዊ ስም አጥሮ የመጣ በመሆኑ «ክብሩ የበዛ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚታወቀው የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል) መስፍን በ10ኛው ክፍለ ዘመን በገዛ ወንድሙ ሤራ ተገድሎ እንደ ሰማዕት ስለሚታሰብ፣ ሴፕቴምበር 28 እስከ ዛሬ የአገሪቱ ሕዝባዊ በዓል ነው።

መልስ፦ የመስፍን ቫትስላቭን ሴት አያት ቅድስት ሉድሚላንም አንርሳ፤ ስሟ «በሕዝብ የተወደደች» ማለት ነው። ቦሁሚል «በእግዚአብሔር የተወደደ»፣ ቦህዳን ደግሞ «እግዚአብሔር የሰጠው» ይባላል።

መልስ፦ በመዝገብ የሰፈረው ስም ግን በየቤቱ ከሚጠሩበት ይለያል፦ «ያን» የሚል ስም ያለው «ሆንዛ»፣ ዮሴፍ «ፔፓ» ይባላል (ለምን እንደሆነ ከድምፁ መገመት ያዳግታል)። ቼኮች ከልደት ቀን በተጨማሪ የስም ቀንም ያከብራሉ፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ስም ታትሟል፤ ዮሴፎች የሚከበሩት ማርች 19 ሲሆን፣ በስም ቀን አበባ ወይም ቸኮሌት መስጠት የተለመደ ነው።