«ተከላከል ተባለ» ማለት ተፈረደበት ማለት ነው?

የሐይቋ እህት፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ሐሙስ ማታ መናኸሪያው አጠገብ በተሳፋሪ ወረፋ ከሌላ ሹፌር ጋር ተጣሉ። ወንድሜ ገፋው፤ ሰውየው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ወደቀና የቦዩ ጠርዝ ጭንቅላቱን መታው። አሁን ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ወንድሜን በዚያው ሌሊት ያዙት። ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፖሊስ አሥራ አራት ቀን ጠየቀ፣ ዳኛው አሥር ቀን ፈቀዱ። ዋስ ይዘን ቀርበን ነበር፤ «የተጎጂው ሁኔታ ሳይታወቅ አይሆንም» ተባልን።

ምሳ ዕቃ ይዤ እመላለሳለሁ። ቃሉን ገና አልሰጠም፤ ነገ ይቀበሉታል ይላሉ። አንድ የሰፈር ልጅ «ጠበቃ ሳታማክር ምንም አትናገር» ብሎ መክሮታል። አባቴ በዚህ በጣም ተቆጥቷል፤ «ንጹሕ ሰው ምን ያፍናል? ዝም ያለ ያመነ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ ስለ አንድ የታወቀ ሰው «ተከላከል ተባለ» የሚል ዜና በሬዲዮ ሰምታ፣ ልጇም እንዲህ ሊባልባት እንደሆነ አስባ ስታለቅስ ዋለች። ለእሷ «ተከላከል» ማለት አለቀለት ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ትርጉሙን አላውቀውም።

ደግሞም የአካባቢያችን አበጋሮች ሊያስታርቁን ተነሥተዋል። ከታረቅን ክሱ ይቀራል? ጠበቃ የምንቀጥርበት ገንዘብ የለንም።

የሕግ ተማሪ ከደሴ፦

እኅቴ፣ እስካሁን የነገርሽን ሂደት በሕጉ ልክ የሄደ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። ዝም የማለት መብቱም እዚያው አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። ፖሊስ ይህንን መብት ሊነግረው ይገባል፤ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም እንዲሁ።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦

ልጄ፣ አብሽሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከችሎት ችሎት መዝገብ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ዳኞቹ የሚያነቡትን ወረቀት ግን በመርፌና በክር የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

ከእናትሽ ልጀምር። ክስ ሲሰማ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ሰነዱን ያቀርባል። ያ ሲያልቅ፣ ተከሳሹ ገና የራሱን ምስክር ሳያቆም፣ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን መርምሮ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ይህን ማስረጃ ማንም ባያስተባብለው ሰውየውን ጥፋተኛ ለማለት ይበቃል ወይ? ካልበቃ በዚያው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 «መከላከል ሳያስፈልገው» በነጻ ይሰናበታል። ከበቃ ተከላከል ይባላል፤ ተራው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ይህ ብይን ይባላል። ፍርድ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ተከላከል ተብሎ ምስክር አሰምቶ በነጻ የወጣ ሰው መዝገብ በገዛ እጄ ዘግቼ መደርደሪያ ላይ ሰቅያለሁ፤ አንድ ሁለት ብቻም አይደለም።

የዞን ዘጠኝ ጦማርያንን ዜና ታስታውሺ ይሆናል። ሚያዝያ 2006 ላይ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ በኋላም በሽብር ተከሰሱ። ሐምሌ 2007 ላይ ዐቃቤ ሕግ የአምስቱን ክስ አቋረጠ። ጥቅምት 2008 ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከቀሩት አብዛኞቹን መከላከል ሳያስፈልጋቸው በነጻ አሰናበተና በፍቃዱ ኃይሉን ብቻ፣ እሱንም ከሽብሩ አውጥቶ አመፅ በማነሳሳት፣ ተከላከል አለው። በፍቃዱ ጥቂት ቆይቶ በዋስ ወጣ። በአንድ መዝገብ ሦስት መውጫ አየን። ያኔ ሻይ ቤት የነበረው ሰው ግን ሁሉንም «ተፈቱ» እና «ተፈረደባቸው» እያለ ለሁለት ከፍሎ ይከራከር ነበር። ክስ የተቋረጠለት ሰው ነጻ አልተባለም፤ ዐቃቤ ሕግ እጁን አነሣለት እንጂ ፍርድ ቤት ምንም አልወሰነለትም።

አሁን ወደ አባትሽ። አትቆጪያቸው፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ዝም ማለት በእርግጥ ነውር ነው። የምርመራ ክፍል ግን ሌላ ቦታ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ መዝገብ አልረሳም። ልጁ ችሎት ቆሞ «እኔ ገፋሁት ነው ያልኩት» ይላል፤ ወረቀቱ ላይ «መታሁት» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ፊርማው አለ። ያቺ አንዲት ቃል ስንት ቀጠሮ እንደበላች እኔ አውቃለሁ። መግፋትና መምታት ለአንቺ ተቀራራቢ ሊመስሉሽ ይችላሉ። ለዳኛ ግን አንዱ ሊጎዳ አስቦ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ይከፍታል፤ ሌላው ሊዘጋው ይችላል።

ስለዚህ ወንድምሽ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውን ይናገር። ስለ ጸቡ ለመናገር ከመረጠ በእርጋታ፣ ያደረገውን ብቻ ይበል፤ የሌላውን ሰው ሐሳብ አይገምት። ከመፈረሙ በፊት ቃል በቃል ያንብብ ወይም ይነበብለት፤ ያላለው ካለ ይታረም። መናገር ካልፈለገም «በሕግ የተሰጠኝን መብት እጠቀማለሁ» ይበልና ይተው፤ ይህን በማለቱ ጥፋተኛ አይባልም። ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው።

ዋስትናውን በተመለከተ ክፋት አይምሰልሽ። ወንጀሉ አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ የሚችል ሲሆንና ተጎጂው ሊሞት ይችላል የሚል ስጋት ካለ ቁጥር 63 የዋሱን በር ይዘጋል። ዳኛው የጠበቁት የሐኪም ወረቀት ነው። «ከአደጋ ውጪ ነው» የሚል ማስረጃ በመጣ ቀን ጥያቄው እንደገና መቅረብ ይችላል። ዋስትና ሲባል ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር የአቶ ስዬ አብርሃ ጉዳይ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ አሉ፤ ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም ወጣ። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ እርስ በርስ ተያይተን ዝም አልን።

አበጋሮቹን አትመልሷቸው፤ እርቁ ሁለቱ ቤተሰብ ደም እንዳይቃባ ያደርጋል፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ተጎጂው «ይቅር ብያለሁ» ስላለ ብቻ አይዘጋም። ቀላል ጉዳት ሆኖ በግል አቤቱታ የሚታይ ከሆነ ነው መታረቅ ክሱን የሚያስቀረው። ያም ሆነ ይህ ለሕክምናው ያወጣችሁት ገንዘብና መጸጸቱ ቅጣት ሲወሰን ማቅለያ ስለሚሆኑ የእርቁን ወረቀት፣ የመድኃኒቱንም ደረሰኝ አስቀምጡ።

የመርሳው ነጋዴ፦

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን በወረቀት ላይ። እኔ የዛሬ ስምንት ዓመት በአንድ ጣቢያ በስልክ መብራት ነው የፈረምኩት፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። «አንብቤ ልፈርም» ስል መርማሪው ሳቀብኝ። በ2015 አስቸኳይ ጊዜ የታወጀ ሰሞን ደግሞ የ48 ሰዓቱን ነገር ማን ያነሣ ነበር?

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ አልከራከርህም። ይህ ልጅ ግን የተያዘው በመደበኛው ሕግ ነው፣ ዳኛም አይቶታል። ተገድዶ ቃል ቢሰጥ እንኳ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በሚቀርብበት ቀን ለዳኛው ይንገር፤ መዝገብ ላይ ይስፈር። ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት አይያዝም ይላል ሕገ መንግሥቱ። ዓመት ቆይቶ የተነገረ ነገር ግን ለዳኛ ሰበብ ይመስለዋል። አንተስ ያኔ ተናግረህ ነበር?

የመርሳው ነጋዴ፦

አልተናገርኩም። ፈራሁ።

የሕግ ተማሪ ከደሴ፦

ስለ ጠበቃው አልተመለሰላትም። ክስ ሲመሠረት አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆማል፤ ዳኛውን መጠየቅ ነው። አሁን በምርመራው ጊዜ ግን በአንቀጽ 21 መሠረት ቤተሰብም ጠበቃም ሊጎበኘው ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ደሴ ስትመጪ ጠይቂ።

የሐይቋ እህት፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ማለዳ ሻይ ይዤ ሄጄ የጋሼን ምክር ለወንድሜ ነገርኩት። ከሰዓት ቃሉን ሰጠ። ሁለት ገጽ ሙሉ አንብቦ አንድ ቦታ አስታረመ፤ «ወረወርኩት» ተብሎ ነበር የተጻፈው። መርማሪው ሳያጉረመርም ሰረዘና አጠገቡ ፈረመበት። አባቴ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ወረወርኩት ብሎ ነበር እንዴ የጻፈው?» አለ። እናቴን ገና አላሳመንኳትም። ተጎጂው ዛሬ እህል ቀምሷል ብለው ደወሉልን፤ የሐኪሙን ወረቀት ለማምጣት ነገ ደሴ እወርዳለሁ።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦

አልሐምዱሊላህ። ወረቀቱ ማኅተም እንዳይጎድለው። የመዝገቡን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክ ይጠፋል።