ሊስነር ራሱን ከዝርዝሩ ሲያወጣ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በጃቫ የጻፍኩት ፋይል አውራጅ ክላስ የሊስነር (አንድ ነገር ሲሆን እንዲጠራ የተመዘገበ ኮድ) ኢንተርፌስ አለው፤ አራት ሜተድ ነው፦ «ጀመረ»፣ «እየወረደ»፣ «አለቀ»፣ «ከሸፈ»። ሊስነሮቹን አሬይሊስት ውስጥ አስቀምጬ በፎር ኢች ሉፕ እጠራቸዋለሁ። አንዱ ሊስነር «አለቀ» ሲባል ራሱን ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ያኔ ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሴፕሽን (ዝርዝሩ እየተዞረ ሳለ ሲቀየር የሚመጣ ስህተት) ይመጣል። የሚገርመው ሁልጊዜ አለመምጣቱ ነው። ሌላው ችግር፣ አብዛኞቹ የሚፈልጉት «አለቀ»ን ብቻ ሆኖ ሳለ ሦስት ባዶ ሜተድ ለመጻፍ ይገደዳሉ።

መልስ 1

ኤክሴፕሽኑ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ ይበልጥ ያሳስብህ። ሦስት ሊስነር አለ እንበል። አንደኛው ራሱን ካወጣ ሉፑ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ዝርዝሩ መቀየሩን ያውቅና ይወድቃል። ሁለተኛው ራሱን ካወጣ ግን የዝርዝሩ መጠን 2 ይሆናል፤ ሉፑም 2 ላይ ስለደረሰ «ጨርሻለሁ» ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ሊስነር ሳይጠራ ይቀራል፤ ስህተት የሚባል ነገር አታይም።

አሬይሊስቱን በኮፒ ኦን ራይት አሬይሊስት ተካው። ሉፑ የሚዞረው በጀመረበት ቅጽበት በነበረው ቅጂ ላይ ስለሆነ መሃል ላይ ቢወጣም ቢገባም አይነካውም። በእያንዳንዱ ለውጥ ሙሉውን ዝርዝር ይገለብጣል፤ ሊስነር ግን የሚመዘገበው አልፎ አልፎ፣ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ስለሆነ ያዋጣል። አንድ ነገር ልብ በል፦ አንዱ ሊስነር ሌላውን ቢያስወጣው፣ የወጣው ለዚያ ዙር አንዴ ሊጠራ ይችላል።

መልስ 2

ስለ ባዶዎቹ ሜተዶች፦ ከጃቫ 8 ወዲህ ደፎልት ሜተድ (አካሉ እዚያው ኢንተርፌሱ ላይ የተጻፈ፣ ሌላው ባይጽፈውም የሚሠራ) አለ። «ጀመረ» እና «እየወረደ» ባዶ ደፎልት ይሁኑ። «ከሸፈ»ን ግን እንደዚያ አታድርገው፤ ሳይጽፉት ያልፉና ማውረዱ መክሸፉን ማንም ሳያውቅ ይቀራል። «አለቀ»ን እና «ከሸፈ»ን አንድ ላይ አድርገህ «ተጠናቀቀ» በለው፤ ውጤቱን በኢቨንት ኦብጀክት (ስለሆነው ነገር መረጃውን በያዘ አንድ ኦብጀክት) ላክ። ያለ ደፎልት የቀረው ሜተድ አንድ ብቻ ስለሚሆን ሊስነሩን በላምዳ (ስም በሌለው አጭር ፈንክሽን) መጻፍ ይቻላል።

ኢቨንት ኦብጀክት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ የፋይል ስምና መጠን በፓራሜተር ብትልክ፣ ነገ የፈጀውን ጊዜ መጨመር ስትፈልግ የሁሉም ሊስነር ኮድ ይሰበራል። ኦብጀክት ከሆነ አንድ ጌተር መጨመር ይበቃል። ፊልዶቹን ሁሉ ፋይናል አድርጋቸው፤ አንድ ሊስነር ቢቀይረው ቀጣዩ የተበላሸ መረጃ ይደርሰዋል።

መልስ 3

ወንድሜ፣ ላምዳ ካስገባህ ማስወገጃውንም አስብበት። መመዝገቢያው ላይ አንድ ላምዳ ጽፈህ ማስወገጃው ላይ ያንኑ መልሰህ ብትጽፍ ሁለቱ የተለያዩ ኦብጀክቶች ናቸው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማይገኝ ምንም አይወጣም፣ ሊስነሩም ሜሞሪ ይዞ ይቀመጣል። መመዝገቢያው ክሎዝ የሚደረግ ኦብጀክት ይመልስ፤ ማቆም የፈለገ እሱን ይዝጋ። ዊክ ሬፈረንስ (ኦብጀክቱ ከሜሞሪ እንዳይጠፋ የማይከላከል ማጣቀሻ) እንዳያጓጓህ፤ ላምዳውን ሌላ የያዘው ከሌለ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (ማንም ያልያዘውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው) ሊወስደውና ሊስነሩ ያለ ምክንያት ዝም ሊል ይችላል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። የሚያወርደው የጀርባ ትሬድ (ከሌላው የፕሮግራሙ ሥራ ጎን ለጎን የሚሄድ) ነው። ሊስነሮቹን የምጠራው ሲንክሮናይዝድ ብሎክ (ሎክ ይዞ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ) ውስጥ ነው፤ ልክ ነው?

መልስ 1

አይደለም። ሎኩን እንደያዝክ የማታውቀውን ኮድ አትጥራ። ሊስነሩ የስክሪኑን ትሬድ ሲጠብቅ፣ የስክሪኑ ትሬድ ደግሞ ያንተን ሎክ ሲጠብቅ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ። ሁኔታውን በሎክ ውስጥ ቀይር፣ ኢቨንቱን አዘጋጅ፣ ሎኩን ልቀቅ፣ ከዚያ ጥራ። እያንዳንዱን ጥሪ ለየብቻ በትራይ ካች ክበበውና ስህተቱን ሎግ ላይ ጻፍ፤ አለዚያ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት አይሰሙም። በየትኛው ትሬድ እንደሚጠሩም ኢንተርፌሱ ላይ በኮመንት አስፍር።

«እየወረደ»ንም በየንባቡ አትላክ። በ8 ኪሎባይት ለሚነበብ የ100 ሜጋባይት ፋይል 12,800 ጥሪ ይሆናል። ፐርሰንቱ ሲቀየር ብቻ ብትልክ ከ101 አያልፍም።