የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና መገጣጠሚያውን ከቦታው ያነሳዋል?

ሂርማታ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ የቀረ የ24 ዓመት ታካሚ አለችን። 7 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እንዲመጣላት ታቅዷል። አፏን ስትከፍት ግራ ጆሮዋ ሥር ቋ ይላል፤ ሕመም ግን የላትም። ቤተሰቦቿ «መገጣጠሚያውን ያወልቀዋል ወይስ ያስተካክለዋል?» ይላሉ። ኮንዳይሉ (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የታችኛው መንጋጋ ጫፍ) የሚንቀሳቀሰው በምን ምክንያት ነው? ጫትም ትቅማለች፤ ምን እንበላት?

ማክሲሎ፦
ለቤተሰቡ መጀመሪያ የሚነገረው አጥንቱ የሚቆረጠው መገጣጠሚያው ላይ አለመሆኑ ነው። ሳጂታል ስፕሊት በሚባለው በዚህ ቀዶ ሕክምና መንጋጋው በሁለቱም ወገን ከኋለኞቹ ጥርሶች በስተጀርባ፣ ጣውላ በውፍረቱ እንደሚሰነጠቅ ይሰነጠቃል። ጥርስ የያዘው ክፍል ወደ ፊት ሲንሸራተት ኮንዳይል የያዘው ቁራጭ በነበረበት መቅረት አለበት። ጣጣው ያኔ ይጀምራል፤ ቁራጩን ከዚያ በኋላ የሚይዘው ጡንቻና ጅማት ብቻ ነው። ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ተሰጥቷታል። ስለዚህ ኮንዳይሉ ከማረፊያው ጉድጓድ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይወርዳል።

ቦታው የሚወሰነው ብሎኑ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ጥርሶቹ ስፕሊንቱ (በታቀደው ቦታ እንዲገጥሙ የሚይዛቸው የፕላስቲክ ቅርጽ) ላይ በሽቦ ከታሰሩ በኋላ ቁራጩን በቀስታ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ፊት ገፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የአጥንቶቹን የታች ጠርዝ ማስተካከል፣ ከዚያ በየወገኑ በፕሌት (ቀጭን የብረት ማሰሪያ) ወይም በሦስት ብሎን ማሰር ነው። በኃይል ወደ ኋላ የገፋ ሰው ኮንዳይሉን ከዲስኩ (በመገጣጠሚያው መካከል ካለው ትራስ) ጀርባ ባለው ሥጋ ላይ ይጭነዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ክፍተት መጭመቅ ነው። መንጋጋ ቅስት ስለሆነ ወደ ፊት ሲመጣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ያንን በብሎን ጨምቆ የዘጋ ኮንዳይሉን ያዞረዋል። ክፍተቱን እንዳለ የሚይዝ ብሎን ተጠቀሙ፣ ፕሌቱን በልኩ አጥፉ፣ ወይም የሚጋጨውን አጥንት ሞርዱ።

ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ሽቦውን ፈትታችሁ አገጩን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ። ጥርሶቹ ሳይገፉ ስፕሊንቱ ውስጥ ከገቡ ጥሩ ነው። ፊት ለፊት ክፍት ከቀረ ሁለቱም ኮንዳይሎች ወርደው ነበር ማለት ነው። አገጩ ወደ አንድ ወገን ከሄደ የወረደው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ወገን ኮንዳይል ነው። መፍትሔው ብሎኑን አውጥቶ እንደገና ማሰር ነው። «በኋላ በላስቲክ እስበዋለሁ» የሚባለውን እባካችሁ አትስሙ፤ ላስቲኩ ሲወጣ ንክሻው ተመልሶ ይከፈታል።

የላይኛው መንጋጋም በለፎርት አንድ (የላይኛውን መንጋጋ አግድም ቆርጦ በማንቀሳቀስ) ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ከኋላ ተቆርጦ ያልወጣ አጥንት ካለ ይፈትሽ። እሱ ላይ ተደግፎ ኮንዳይሉ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ውጤቱም ያው የፊት ክፍተት ነው።

ብሬስ፦
በማክሲሎ ላይ ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መገጣጠሚያው ውስጥ እብጠት ስላለ ኮንዳይሉ ትንሽ ወርዶ ይታያል፤ በዚያ ሰሞን በተነሳ ሲቲ አትደንግጡ። ትንሽ መዘዋወርን መገጣጠሚያው አብዛኛውን ጊዜ ይላመደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወጣት ሴት፣ ወደ ኋላ የቀረና ቁልቁል ያዘነበለ መንጋጋ፣ ረጅም ወደ ፊት ማምጣት፤ እነዚህ ሲደራረቡ ኮንዳይሉ ከወራት በኋላ እየተበላ ሊያጥር ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የኮንዳይሉን ቅርጽ በሲቲ፣ የዲስኩን ቦታ በኤምአርአይ እዩ። ንክሻዋ ባለፈው ዓመት ተለውጦ ከሆነ ቀጠሮው ይገፋ። ድምፁ ሊቀንስ፣ ባለበት ሊቀር ወይም ሊብስ ይችላል፤ ለቤተሰቡ «ይጠፋል» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ሂርማታ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምግቡስ ነገር? ጫቱስ?

ፊዚዮ፦
እስከ ስድስት ሳምንት አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ አቮካዶ ትውሰድ። ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት፣ ጥሬ ሥጋ አይነኩም። ጫት ደግሞ በአንድ ጉንጭ ተይዞ ለሰዓታት ስለሚታኘክ ገና ባልጠና አጥንትና በዚያው ወገን መገጣጠሚያ ላይ ጫና ያሳርፋል። ድምፅ ያላት በግራ ስለሆነ ከስድስት ሳምንቱ በኋላም ብትተወው ይሻላታል። የታች ከንፈሯ ለወራት ሊደነዝዝ ስለሚችል ቡናዋን አቀዝቅዛ ትጠጣ፤ ሲያቃጥላት አይታወቃትም።

አፍ የመክፈት ልምምዱን ሐኪሟ ሲፈቅድ ትጀምር። በፊት ጥርሶቿ መካከል በማስመሪያ እየለካች፣ በሦስት ወር 35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር እንድትደርስ ነው የምንፈልገው። በየወሩ ጥርሷን ነክሳ ከፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶ ትነሳ። የፊት ጥርሶቿ መካከል አዲስ ክፍተት ከታየ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።