41 ጽሑፌን ከነፎቶው ኮፒ ያደረገ ድረ ገጽ አገኘሁ፤ ከየት ልጀምር?

መርፌና ክር፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ልብስ ስፌት ማሽን ጥገና የምጽፍበት ትንሽ ድረ ገጽ አለኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነው። ትናንት ማታ አንድ የቆየ ጽሑፌን ለማግኘት ከውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር በትምህርተ ጥቅስ አድርጌ ጉግል ላይ ፈለግሁ። ቀድሞ የመጣው የእኔ ሳይሆን ጭራሽ የማላውቀው ገጽ ነው። ስከፍተው 41 ጽሑፌ እዚያ ተደርድሯል። ክር መወጠሪያውን ስፈታ ባነሳሁት ፎቶ ላይ አውራ ጣቴ ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ እንኳ ይታያል፤ ከሥሩ ግን የሌላ ሰው ስም አለ። «ይቺ ማሽን የእናቴ ነበረች» ያልኩትም ሳይነካ ተቀምጧል። እሱን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ዝም አለኝ። ጽሑፎቼን የትም አላስመዘገብኩም። መብት አለኝ?

ሌሊት ፈረቃ፦
እህቴ፣ አይዞሽ፣ መብቱ ያንቺው ነው። የበርን ስምምነት (ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል) አባል በሆኑ አገሮች የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይፈጠራል፣ ምዝገባ አይጠይቅም።

ሆስቲንግ ድርጅት (የሰዎችን ድረ ገጽ በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያኖር) ውስጥ እንዲህ ያለ አቤቱታ ስቀበል ዓመታት ስለሠራሁ ከዚያ በኩል ልንገርሽ። ለሰውየው መጻፉን ለጊዜው ተይው። ሲደናገጥ ገጾቹን ሊቀያይር ይችላል፤ ቀድመሽ ማስረጃሽን ያዢ። እያንዳንዱን ገጽ ከነአድራሻውና ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሺ፣ ዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀኑ የሚያኖር የኢንተርኔት ማኅደር) ላይም አስቀምጪው። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ካሉሽ እንዳታጠፊያቸው። የተነሱበት ቀን ውስጣቸው አለ፤ እሱ ያልተቆረጠውን ኦሪጅናል ከየትም አያመጣም።

ቀጥሎ ሆስቱ፣ ማለትም የእሱን ድረ ገጽ የያዘው ድርጅት፣ ማን እንደሆነ በሁዊዝ (የድረ ገጽ ምዝገባ መረጃ መፈለጊያ) ፈልጊ። ክላውድፍሌር (በጎብኚውና በሆስቱ መካከል የሚቆም አገልግሎት) ከመጣብሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ የራሱ የአቤቱታ ቅጽ አለው፣ ለትክክለኛው ሆስት ያስተላልፋል። ብዙ ሆስቶች የሚሠሩት ዲኤምሲኤ በሚባለው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ «ሁሉ ነገሬን ሰረቀኝ» ብለው የመነሻ ገጹን አድራሻ ብቻ ይልካሉ። በዚያ ምንም ማንሳት አንችልም። ያንቺን ገጽ አድራሻ ከዚህ፣ የእሱን ከዚያ፣ 41ዱንም ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ጻፊ። አንቺን የሚያገኙበትን አድራሻ፣ ፈቃድ እንዳልሰጠሽው በቅን ልቦና እንደምታምኚ፣ ባለመብቷ አንቺ መሆንሽንና ይህም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደሚያስጠይቅሽ፣ ከዚያ ፊርማ። ሙሉ ስምሽን በኪቦርድ መጻፍ እንደ ፊርማ ይያዛል። አቤቱታው እሱ እጅ ሊገባ ስለሚችል የቤት አድራሻሽን ከመስጠትሽ በፊት አስቢበት።

ተቃውሞ ካቀረበ አንቺ ክስ ካልመሠረትሽ በቀር ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ገጹ ይመለሳል። እኔ ካየኋቸው ቀጣፊዎች ግን ስሙን አውጥቶ የሚቃወም ጥቂት ነው።

አዲስ ገጽ፦
ጉግልም ቅጽ አለው። ገጹን አያጠፋውም፣ ከፍለጋ ውጤት ግን ያወጣዋል፤ አንቺን የጎዳሽ ደግሞ እሱ ነው። የአቤቱታው ቅጂ ሉመን ወደሚባል ለሕዝብ ክፍት የሆነ ማኅደር እንደሚላክ ግን እወቂ።

ሌላው፣ ቀዳዳሽን ፈልጊ። የእኔ ጽሑፍ በወጣ በሁለት ደቂቃ ሌላ ቦታ ይታይ ነበር፤ ለካ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው ከአርኤስኤስ ፊዴ (ድረ ገጹ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በራሱ ከሚያሰራጨው ዝርዝር) የሚቀዳው። ድረ ገጽሽ የተሠራው በዎርድፕሬስ ከሆነ የንባብ ማስተካከያው ውስጥ ፊዱ ሙሉውን ሳይሆን ቅንጭቡን እንዲያወጣ አድርጊ። የፎቶዎቹንም አድራሻ እዪ፤ ከአንቺ ሰርቨር (ድረ ገጽሽ ካለበት ኮምፒውተር) እየተጫኑ ከሆነ የሚበላው ያንቺን ባንድዊድዝ (የዳታ መጠን) ነው። ማውስ በቀኝ ሲጫኑ እንዳይሠራ ማድረግ ግን ለፕሮግራም ምኑም አይደል፣ አንባቢሽን ብቻ ያስቸግራል።

መርፌና ክር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶዎቹ እውነትም ከእኔ ሰርቨር ነው የሚመጡት፤ ዘግቻቸዋለሁ፣ አሁን እሱ ጋ ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው። ፊዱንም አሳጥሬዋለሁ።

ሌሊት ፈረቃ፣ «በሕግ ያስጠይቃል» ስትል ደንግጬ 41ዱንም አንድ በአንድ አየሁ። በሦስቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከማሽኑ መመሪያ የወሰድኳቸው ናቸው፣ የእኔ አይደሉም። በነሱ ላይ የጠየቅሁት ጽሑፉ እንዲነሳ ብቻ ነው፤ ሥዕሎቹንም ከራሴ ገጽ አውርጄ በምትካቸው የራሴን ፎቶ ላነሳ ነው። ዝርዝሩ ዛሬ ማታ ለሆስቱ ይሄዳል። ተራ ቁጥር 1 የእናቴ ማሽን ያለችበት ገጽ ነው።